የሩፋኤል ማግስት ዜሮ

ኃይለየሱስ የወደቀውን ዝናብ ይለካል እንጂ የሚወድቀውን አይናገርም ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ደንብ ኖሯል። ቤቱ ከሳጉሬ ወደ ጭላሎ በሚያወጣው አቀበት ላይ፣ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ከጓሮው ጥግ፣ በሽቦ በታጠረችና በቁልፍ በምትዘጋ ጠባብ ቦታ ውስጥ፣ ከዚንጎ የተሠራ የዝናብ መለኪያ ቆሟል። ጠዋት ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ያጠራቀመውን ውሃ ወደ መስፈሪያው ብልቃጥ ይገለብጣል፤ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከውሃው ጋር ያስተካክላል፤ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ያሰፍርና ስልክ ይደውላል። ውሃ በብልቃጥ ውስጥ ዳር ዳሩን ከፍ፣ መሀሉን ዝቅ ይላል። የሚነበበው መሀሉ ነው። «ዳሩን የሚያነብ ሰው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል፤ በዓመቱ ያልዘነበ ዝናብ አዘነበ ማለት ነው» እያለ ላልጠየቀውም ሰው ሁሉ አስረድቷል።

ሥራውን የተማረው በወጣትነቱ፣ በአንድ ትልቅ የስንዴ እርሻ ላይ ሚዛን ጠባቂ ሆኖ ሲሠራ ነው። አለቃው የነበሩት ሰው ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩ ግን «ዓይን ይዋሻል፣ ዕቃ አይዋሽም» ይሉ ነበር። እርሻው ሲበተን ሌላው ሠራተኛ በርም መስኮትም ነቅሎ ሲሄድ እሱ ይህችን አባባል ብቻ ይዞ ወደ አባቱ መሬት ተመለሰ። በኋላ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሰዎች መለኪያ የሚጠብቅላቸው ሰው ሲፈልጉ ሰፈሩ ሁሉ እሱን ጠቆመ። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ኦብዘርቨሩ»፣ ማለት ታዛቢው፣ ሆነ።

ዝናቡን የሚለካው ሰው ዝናቡን ያውቃል ብሎ ሰው ማሰቡ አልቀረም። ሰርግ የደገሰ፣ ቤት የሚያፈርስ፣ ድንች የሚነቅል ሁሉ መጥቶ ይጠይቀዋል። መልሱ አንድ ነው፦ «እኔ የወደቀውን ነው የምለካ። የሚወድቀውን ወረቀቱ ይነግራችኋል።» ወረቀቱ የሚሉት በየአስር ቀኑ ከመሥሪያ ቤቱ በስልክ የሚላክለትን ትንበያ ነው። እሱንም ሐቢብ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ሃያ ስምንት ቀን ያነበበው እንዲህ ይላል፦ «ከጳጉሜን መግቢያ እስከ መስከረም አምስት ባሉት ቀናት በአርሲና በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች ዝናቡ ከመደበኛው ጋር የተቀራረበ ወይም በጥቂቱ የበለጠ ሆኖ ይቀጥላል። በአንዳንድ ቦታዎች በረዶ የቀላቀለ ነጎድጓዳማ ዝናብ ሊኖር ይችላል።»

«ይሄ መደበኛው የምትለው ሰውዬ ማን ነው?» አለ ሐቢብ ከባንኮኒው ኋላ። ከስልጤ መጥቶ ሱቅ ከከፈተ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሳይተርብ ስኳር አይመዝንም። «ስሙን በየአስር ቀኑ ታነሳዋለህ፤ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ሳሙና አልገዛኝም።»

«'ሊኖር ይችላል' አለ?» አለ ቦንሳ። ቦንሳ የታችኛው ጎረቤት ነው፤ ጥሩ በሬዎች ያሉት፣ የሌላውንም መሬት በእኩል የሚያርስ። «እኔም እኮ ሀብታም ልሆን እችላለሁ፣ ኦቦ ኃይሌ። ማን ከለከለኝ?»

ሳቁ። ያልሳቀች የሺሃረግ ብቻ ነበረች። የሺሃረግ የኃይለየሱስ ታላቅ ወንድም የገብረሥላሴ ሚስት ናት፤ ወንድሙ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ሁለት ጥማድ የሚሆን የበልግ ገብስ አላት። በመጋቢት የተዘራ ነው፤ አሁን ደርሶ፣ ዛላው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ስንዴው እስኪደርስ፣ እስከ ኅዳር፣ የምትበላው እሱን ነው። ለመጪው በልግ የምትዘራውም ከእሱ ነው። ሌላ የላትም።

ነገሩ ቀላልና ጨካኝ ነበር። ገብሱን ለማጨድ፣ አድርቆ ነዶውን ለመከመር አራት የፀሐይ ቀን ይበቃታል። ካጨደችው በኋላ ዝናብ ቢይዘው መሬት ላይ እንደተኛ ይጎነቁላል። ሳታጭደው ብትቆይ ደግሞ በረዶ አንድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ፍሬውን ከአገዳው ያራግፈዋል፤ አምና የሰፈሩን ግማሽ እንዲህ አድርጎታል።

«ስለ ገብሴ ምን ይላል?» አለች።

«እትዬ የሺ፣ ወረቀቱ ስለ ገብስ አይልም።»

«አንተስ?»

«እኔ የወደቀውን ነው የምለካ።»

«የወደቀውንማ ዶሮዬም ታውቀዋለች» አለች፤ ጨውዋን ይዛ ሄደች።

ኃይለየሱስ ቃሏን ይዞ ቤቱ ገባ። ሃያ ሦስት ዓመት ጎንበስ ብሎ ያነበበው ሁሉ ከዶሮ እኩል ሲሆን ዝም ብሎ የሚውጠው ነገር አልሆነለትም። ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ሌላ፣ ለራሱ ብቻ የሚጽፍበት ሰማያዊ ደብተር ነበረው። አውጥቶ ገለጠው። እዚያ ውስጥ ለማንም ያላሳየው አንድ ነገር አለ። ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዜሮ የሆነባቸው ዓመታት ሰባት ነበሩ፤ በሰባቱም እስከ መስከረም አራትና አምስት ድረስ ጠብ አላለም። ሩፋኤል የዘነበ ዓመት ግን ዝናቡ መስቀል ድረስ ይከተላል። ሰባት ከሰባት።

ጳጉሜን ሦስት ቀን አሰላ ተጠራ፤ የጠዋቱን ለክቶ ሄደ። ከየወረዳው የመጡ ታዛቢዎች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ነበር፤ እሱ «ሃያ ሦስት ዓመት አንድም ቀን ሳያጓድል» የሚል የምስክር ወረቀትና አንድ ጥቁር ጃንጥላ ተሸለመ። ከሽልማቱ በኋላ አንዲት ቀጭን ወጣት ሴት መጥታ ቆመችበት።

«ጋሽ ኃይለየሱስ እርስዎ ነዎት? ሂባ ነኝ። በየጠዋቱ ቁጥር የምቀበልዎት።»

አራት ዓመት ድምፅዋን እንጂ መልኳን አያውቅም ነበር።

«በድምፅዎ ረጅም ሰው መስለውኝ ነበር» አለች እየሳቀች።

«ስልኩ ነው የሚያስረዝመኝ።»

ደስ ስላለችው ደብተሩን ከኮቱ ኪስ አወጣና ሰባቱን ዓመታት አሳያት። ሂባ እስከ መጨረሻው አነበበች። ብታላግጥበት ይሻለው ነበር።

«ጋሼ፣ ድንቅ ሥራ ነው። ግን ሰባት ትንሽ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደፍሮ ለመናገር ሌላ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ያስፈልጋል።»

«እኔ ሌላ ሠላሳ ዓመት የለኝም፣ ልጄ» አላት፤ ደብተሩን ኪሱ ከተተ።

ያን ቀን ማታ የሳጉሬ መኪና ስላለቀ የአክስቱ ልጅ ገብረኪዳን ዘንድ አደረ። አሰላ ላይ ጠብ አላለም። ከገብረኪዳን በረንዳ ጭላሎ ከአናቱ ላይ ትንሽ ጥቁር ቆብ ደፍቶ ይታያል፤ ተራራው ግን በጳጉሜን ያን ቆብ የማይደፋበት ማታ ስለሌለ ልብ አላለውም። ሚስቱ ዘመናይ ዘንድ ደወለ። ስልኳ እንደ ልማዱ ዝግ ነበር።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሳጉሬ ደረሰ፤ አቀበቱን በእግሩ ተያያዘው። መንገዱ ጭቃ ነው። ጫማው ከብዶ ሁለቴ ቆሞ በእንጨት ፋቀው። ሣሩ እርጥብ ነው፤ ቦዩ ውስጥ ውሃ ይሄዳል። ጳጉሜን ነው፣ ሁልጊዜም እንዲህ ነው አለ። ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ጓሮው ደረሰ፤ ከነኮቱ ቁልፉን ከፍቶ ገባ። መለኪያውን አነሳ። ቀሎታል። ገለበጠው፤ ብልቃጡ ውስጥ ምንም አልወረደም። ጣቱን አስገብቶ ውስጡን ዳበሰ፤ ደረቅ ነው።

እግሩ ጭቃ አለ፤ ዕቃው ዜሮ አለ። ዕቃውን አመነ። ከማመንም አልፎ ደስ አለው። ስምንተኛው ዓመት ነበርና።

«ዜሮ ነጥብ ዜሮ» አላት ሂባን በስልክ።

«ዜሮ?» የወረቀት ኮሽታ ተሰማው። «ጋሼ፣ በዙሪያዎ ያሉት ሁለት ጣቢያዎች እኮ ከሠላሳ ሚሊሜትር በላይ ሰጥተውኛል። እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ፣ ይሄ ተራራ ነው። አንዱ ሸንተረር ሲጠጣ ሌላው ቆሞ ያያል።»

«እሺ። ዜሮ» አለች።

የሺሃረግ አጥሩ ጋ ቆማ ስትጠብቀው ነበር። ባዶ እግሯን ነበረች፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል።

«ዘመናይን መንገድ ላይ አላገኘሃትም? ጎህ ሲቀድ ነው የወጣችው። የሩፋኤልን ጠበል ለመቅደላዊት ይዛላት ወደ ሁሩታ ሄዳለች። ልጄ ወሯ ገብቶ እግሯ አብጧል አሉ። እኔ ይሄን ገብስ ትቼ የት ልሂድ።»

«ተላልፈናል ማለት ነው።»

«ስንት አለልህ?»

«ዜሮ።»

የሺሃረግ ወደ እግሯ አየች፤ ከዚያ ወደ እሱ። «የትናንቱ?»

«የትናንቱ። ከትናንት ጠዋት ሦስት ሰዓት እስከ አሁን። ዜሮ።»

ብዙ ዝም አለች። እሱ ዝምታዋን መደነቅ አደረገው። ደብተሩን አውጥቶ ሰባቱን ዓመታት በጣቱ እየነካ ነገራት፤ ፊደል ባትቆጥርም ጣቱን ተከትላ አየች።

«ወረቀቱ ግን ይቀጥላል አላለም?»

«ወረቀቱ ከዚህ እስከ ባሌ ላለው አገር ነው የሚያወራው። እኔ ስለዚህች ሸንተረር ነው የማወራሽ።»

«እና ልጨድ?»

ሱቁ ደጃፍ የወረወረችበት ቃል አሁንም አልወጣለትም ነበር።

«እጨጂ» አለ።

ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ትንበያ ይህ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት ደቦ ወጣ። ቦንሳ ከነወንድሞቹ፣ ሐቢብ ሱቁን ዘግቶ፣ ከላይኛው ሰፈር ወይንሸት ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ በጠቅላላው አሥራ አራት ማጭድ። ሰማዩ እንደ ተወለወለ ሳህን ነበር። በማግስቱም እንዲሁ። ኃይለየሱስ አጫጆቹን ሊያይ ሲወጣ አዲሱን ጃንጥላ እንደ ከዘራ እየተደገፈ ነው።

«ጃንጥላዋን ሽጥልኝ» አለው ሐቢብ ወገቡን እየያዘ። «አንተ አታስፈልግህም። ከላይ ጋር ተነጋግረሃል።»

«ኦቦ ኃይሌ ከዛሬ ጀምሮ መደበኛው ሆነዋል» አለ ቦንሳ፤ አሥራ አራቱም ማጭድ ቆሞ ተሳቀ። ኃይለየሱስም ሳቀ። በሕይወቱ እንደዚያ ሁለት ቀን የሰው ፊት በርቶለት አያውቅም። የሺሃረግ በእጇ ያቦካችውን ዳቦ ስትቆርስ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእሱ ሰጠችው።

በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ ጭላሎን ይዞ ወረደ።

አሥራ ስምንት ነጥብ አራት። በማግስቱ ሃያ ሰባት። በሦስተኛው ቀን ሠላሳ አንድ ነጥብ ሁለት፣ በረዶ የቀላቀለ። ቁጥሩን በስልክ ሲናገር ድምፁ እያነሰ መጣ። የሺሃረግ በየጠዋቱ ወጥታ ነዶውን ትገለብጣለች፤ እሱም ሳይጠራ እየሄደ ይገለብጥላታል፤ ቦንሳም ይመጣል። የተገለበጠው ነዶ ላይ በከሰዓቱ ዝናብ ይወርድበታል። ፕላስቲክ ለበሰ፤ ከሥር እርጥበቱ ወጣበት። ሰማዩ ለሁለት ሰዓት ሲገለጥ ሰው ሁሉ ሩጦ ይበትነዋል፤ ሳይጨርሱ ይዘጋል። በሰባተኛው ቀን ቦንሳ አንድ ዛላ ነቅሎ መዳፉ ላይ አሸው። ነጫጭ፣ እንደ ትል የቀጠኑ ጉንቁሎች ወጥተውበታል። መዳፉን ለማንም ሳያሳይ ሱሪው ላይ ጠረገው።

ስለ ትንበያው ማንም ምንም አላለውም። ሐቢብ ሱቅ ሲገባ ወሬው ይቋረጥና ስለ ዘይት ይወራል። ኃይለየሱስ ግን ራሱን የሚያጽናናበት ነገር አላጣም። ደንቡ አንዴ ተሰበረ እንጂ ሐሰት አልነበረም፤ ሰባት ከስምንት ሆነ፤ ሂባ ትንሽ ነው ያለችው ይሄንኑ ነው እያለ አደረ።

መስከረም ስምንት ቀን ዘመናይ ከሁሩታ ተመለሰች። መቅደላዊት ደህና ናት፤ እብጠቱ ጎድሎላታል። ዘመናይ ከዘንቢሏ የሁለት ሊትር ሃይላንድ አወጣችና ግድግዳው ላይ ካለው ሥዕለ አድኅኖ ሥር አስቀመጠችው። ከግማሽ በታች ውሃ ቀርቶበታል።

«እግዜር ይስጠው ሩፋኤል» አለች። «ሦስት ቀን ጠጣችው፣ እግሯን አበስኩላት፤ እብጠቱ እየሸሸ ሄደ።»

«ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው?»

«የቤተ ክርስቲያንማ ሰልፉ መቼ ይደርሳል? ከሰማይ ነው እንጂ። በዕለቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዴት ያለ ዝናብ ወረደ መሰለህ። አሰላ አልዘነበም? ሰው ሁሉ ዕቃውን ይዞ ወጣ። እኔ በምን ልቀበል? ቆርቆሮው ላይ እርግብ ይሄድበታል፤ ባልዲው የከብት ነው። መቼም ካንተ ዕቃ የነጻ የለ። እጅ አይነካው፣ ከብት አይጠጣው፣ ዘመኑን ሁሉ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ በቁልፍ የኖረ።»

ኃይለየሱስ ወደ ሃይላንዱ አየ።

«ሁሉንም ወሰድሽው?»

«ጠበል ይተርፋል እንዴ? እስከ ጠብታው ቀዳሁት። እርጥበቱም ቢሆን በረከት ነው ብዬ በነጠላዬ ጫፍ ወልውዬ ፊቴን አበስኩበት። ቆልፌ ቁልፉን ቦታው መለስኩልህ። ምነው፣ አጣኸው?»

አልጮኸም። ሃይላንዱን አንስቶ ሰጣትና «ስትቀጂው እስከ የት ሞላ?» አላት። ዘመናይ በጥፍሯ ምልክት አደረገችለት፤ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ። ሌላ እንደሱ ያለ ሃይላንድ ፈልጎ እስከዚያ ምልክት ድረስ ንጹሕ ውሃ ሞላ፤ ወጥቶ በመስፈሪያው ብልቃጥ እየደጋገመ ለካው። ጎንበስ ብሎ መሀሉን አነበበ። አርባ ስድስት ሚሊሜትር። የክረምቱ ትልቁ ዝናብ። ሩፋኤል ዕለት ዘንቧል፤ ደብተሩ ውስጥ ደግሞ ሩፋኤል የዘነበ ዓመት ምን እንደሚሆን በራሱ እጅ ተጽፏል።

ዘመናይ ከኋላው መጥታ ቆማ ነበር። ቀስ ብሎ ገባት።

«እንግዲያ እትዬ የሺን ያሳጨድካት…»

«አዎ።»

«ለልጇ እኮ ነው የወሰድኩት» አለች፤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

ሂባ ዘንድ ደወለ። የጳጉሜን አራቱ ዜሮ ስህተት ነው፣ አርባ ስድስት ነው አላት።

«በምን ለኩት?»

«በሃይላንድ።»

«ጋሼ፣ በሃይላንድ የተለካ መመዝገብ አልችልም። ዜሮውን ግን አጠፋዋለሁ። 'አልተለካም' ነው የምለው።»

«በይው።»

«ያኔ ጠይቄዎት ነበር እኮ።»

«ጠይቀሽኛል» አለ።

ወደ የሺሃረግ ማሳ ሲወርድ ሐቢብም እዚያ ነበር። ለብቅል ይሆናት እንደሆን ሊያይላት ነው የመጣው፤ ለጠላ ጠማቂ ቢሸጥ ይሻላል ብሎ። ነዶውን ፈልቅቆ አሸተተው፤ ራሱን ነቀነቀ። ከመጎንቆሉ አልፎ ሻግቷል። ኃይለየሱስን ሲያይ ሰላምታ ብቻ ሰጥቶ ወደ ሱቁ ወጣ።

«እትዬ የሺ» አላት። «ሩፋኤል ዕለት ዘንቦ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ይህን መልስ አልጠበቀም።

«ደጃፌ ቆሜ ነው ያየሁት» አለች፤ እጇ ከነዶው አልተነሳም። «መስኩ ባሕር መሰለ። ቦንሳም አይቷል፤ ሐቢብም ዕቃው ረጥቦበታል። ጠዋት አንተ ዘንድ ስመጣ ጭቃውን ረግጬ ነው የመጣሁት። አንተ ዜሮ አልክ። የተማረ ሰው ዜሮ ሲል ሌላ ነገር ማለቱ ይሆናል አልኩ። እግሬ እርጥብ ሆኖ ሳለ እግሬን ዋሽተሃል አልኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ቀና ብላ አየችው። «ለአንተ? ስለ ዝናብ?»

ሊወጣ የማይገባው ነገር ከአፉ ወጣ፦ «ዘመናይ ናት። ከመለኪያው ለመቅደላዊት ጠበል ብላ ቀድታው…»

«ተው» አለችው። «ዘመናይ የሰማይ ውሃ ቀዳች፤ ልጄን አጠጣችልኝ። እጨጂ ያልከኝ አንተ ነህ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በኅዳር ከሚያገባው ስንዴ የዓመቷን እንደሚሰጣት ነገራት፤ ዘሩንም ጨምሮ።

«ኅዳር ሩቅ ነው» አለች። «መስከረምን በምን ልሻገረው? ሁሩታ እወርዳለሁ። መቅደላዊት ስትወልድ የሚያርሳት ሰው ያስፈልጋታል። መሬቱን ለቦንሳ በእኩል ሰጥቼዋለሁ።»

«ይሄን የገብረሥላሴን መሬት?»

«አዎ፣ የገብረሥላሴን። እሱ ቢኖር ወጥቶ ሰማዩን አይቶ ይነግረኝ ነበር።»

ቦንሳ ከታች በሬዎቹን እየነዳ መጣ። ከእሷ ጋር ቀድመው ተነጋግረው ኖሯል፤ ኃይለየሱስን ሲያይ ግን አፍሮ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። «ኦቦ ኃይሌ፣ ሌላ ጊዜ ልመለስ» አለ።

«ግባ» አለችው የሺሃረግ። «ነገ ከሆነ እነሱም አይበሉትም።»

አጥሩ ላይ የተጋደመውን እንጨት ራሷ ሳበችው። በሬዎቹ መጀመሪያ አሸተቱ፤ ከዚያ ሻጋታውን በአፍንጫቸው እየገፉ ደህና ደህናውን መብላት ጀመሩ። አሥራ አራት ማጭድ ያጨደውን ነዶ ከነዛላው ያደቁታል። ድምፁ ማሳውን ሞላው። ቦንሳ ጅራፉን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል። የሺሃረግ ግን ዓይኗን ከበሬዎቹ አላነሳችም፤ አንደኛው በሬ መስመር ሲጨርስ በእጇ መልሳ ወደ ቀጣዩ ነዶ አዞረችው።

ከዚያ ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ገለባ አራግፋ፣ ለነገ መንገድ ጓዟን ልታስር ወደ ቤት ገባች። ኃይለየሱስ ተከትሏት ሄደ። ማዳበሪያው አፍ ላይ ገመድ ስትጠመጥም አገኛትና ጫፉን ሊይዝላት እጁን ዘረጋ።

«እኔው አስረዋለሁ» አለች።